ጋሽ ጉታ የሸመኑት ዓለም

በ1988 ዓ.ም. ነው። የጂኦግራፊ መምህሩ ሶፎንያስ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የሙከራ ጊዜውን ሊጨርስ አንድ ወር ቀርቶታል። ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ ዘቢደር ያለ ማስተማሪያ መርጃ ባዶ እጁን ክፍል የሚገባ መምህር ቋሚ አያደርጉም። የትምህርት ቤቱን የዓለም ካርታ ደግሞ አይጥ ከአውስትራሊያ ጀምሮ እየበላው ነው።

ሶፎንያስ አሰበ፤ ተጠራጠረ፤ እንደገና አሰበ። በመጨረሻ የተረፈውን ካርታ በካሬ ወረቀት ገልብጦ፣ ጨንቻ ወዳሉት ሸማኔ ወደ ጋሽ ጉታ ወጣ።

ጨንቻ ጉም ለብሳለች። የጋሽ ጉታ ሰባት ልጆች የእንሰት ቅጠል አናታቸው ላይ ደፍተው በራፉ ላይ ይንቀጠቀጣሉ።

"ዓለምን በጨርቅ?" አሉ ጋሽ ጉታ። "ይቻላል። እነዚህ ከላይ ያሉት ሰፋፊዎቹ እነማን ናቸው?"

"ሩሲያ፣ ካናዳና ግሪንላንድ። ብርዳም አገሮች ናቸው።"

"እንግዲያ ለሩሲያ ጥቁር፣ ለካናዳ ቀይ፣ ለግሪንላንድ ቢጫ አምጣ። የሹራብ ክር ይሁን፤ ብርዳም ናቸው ብለሃል።"

ሶፎንያስ ካሬዎቹን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ፣ ለየአገሩ የሚበቃውን በግራም አስልቶ፣ ክሩን ከሲቀላ ገበያ አስመዝኖ ወሰደላቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ጨርቁ ሲዘረጋ ሶፎንያስ ሊለካበት የያዘው ማስመሪያ ከእጁ ወደቀ። ካርታው ላይ አፍሪካን ያህል የነበረው ግሪንላንድ መዳፍ አክሏል። ሩሲያ ግማሽ ሆናለች።

"ጋሽ ጉታ፣ ክሬ የት ገባ?"

ጋሽ ጉታ አልደነገጡም። አንድ ቅል አንሥተው ነጠላ አለበሱት።

"ምድር ክብ ናት ብለኸኝ የለ? ይኸው፣ አናቱ ላይ ጨርቁ ተርፎ ተሸበሸበ። ያንተ ካርታ ሽብሽቡን ዘርግቶ አገር አድርጎታል። እኔ ትርፉን ቀነስኩ።"

"ግን እኮ መዝኜ ነው..."

"መምህር፣ ዓለም በኪሎ ነው እንዴ የሚሸጠው?"

ሶፎንያስ ጨርቁን ጠቅልሎ ወረደ፤ ለክስ የሚሆን ማስረጃም ሊፈልግ በቀጥታ ቤተ መጻሕፍት ገባ። የአገሮችን የቆዳ ስፋት ሠንጠረዥ አነበበ። መጽሐፉን ዘጋ። ከፍቶ እንደገና አነበበ። አፍሪካ ግሪንላንድን አሥራ አራት ጊዜ ታህላለች። የሩሲያ እጥፍ ለመሆንም ጥቂት ነው የቀራት።

ዓርብ ዕለት ጨርቁን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሰቀለ። ወይዘሮ ዘቢደር ከኋላ ተቀምጠዋል።

"ቲቸር፣ ግሪንላንድ ታጥቦ ነው እንዴ የገባው?" አለች ለሊሴ ከፊት ወንበር። ክፍሉ በሳቅ አበደ።

"መምህር ሶፎንያስ፣" አሉ ወይዘሮ ዘቢደር ብዕራቸውን እየከፈቱ፣ "ሩሲያን የት አደረስካት?"

ሶፎንያስ ከቤተ መጻሕፍት ያመጣውን መጽሐፍ ገልጦ ቁጥሮቹን ከጨርቁ ጎን በጠመኔ ጻፈ። ወይዘሮ ዘቢደር ተነሥተው መጡ። መጽሐፉን ተቀብለው ዜሮዎቹን በጣታቸው ቆጠሩ።

"ሃያ ስድስት ዓመት ሐሰት ሳስተምር ኖሬአለኋ!" አሉ። ቀጥለውም፣ "ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ነህ። ይህን ጨርቅ አይጥ ቢነካው ግን ወዮልህ!"

ቅዳሜ በጠዋት ሶፎንያስ አንድ ዘለላ ሙዝ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅ ጨንቻ ወጣ። ያን የመሰለ ሊቅ በሌብነት መጠርጠሩ መንገዱን ሙሉ ሲያሳፍረው ነበር።

ከጉሙ ውስጥ የጋሽ ጉታ ልጆች እየጮኹ ሊቀበሉት ሮጡ፤ የእንሰት ቅጠሉ ቀርቶ፣ በሰባቱም አናት ላይ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ አዲስ የሹራብ ቆብ ተደፍቷል።