ስሙ ያልተጠራው ሟች

«ሙሾ ስትቀዱ ሟቹ ማን እንደሆነ ሳትጠይቁ እንዳትመለሱ» አለች እስከዳር፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ የሙዚቃ ተማሪዎቹን።

«እኔ ጠይቄ ነበር፣ እትዬ» አለች እየሩስ ስልኳን እያቀበለቻት። «የቀየቷ አልቃሽ ግን እህቱ መርዶ ሳትሰማ ስሙን አንጠራም አሉኝ።»

ቀየት የእስከዳር አገር ነው፤ ስልክ ከተቋረጠ ሰንብቷል። ቀረጻውን ከፈተችው። የአሮጊት ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ወጣ፦

«ወንድም በቀየት ሜዳ አፈር ለብሶ ወርዶ፣
መጻሕፍት ጠባቂ እህቱን ማን ያርዳት መርዶ።»

እየሩስ አፏን በእጇ ያዘች። እስከዳር ግን ሙሾውን አላቋረጠችም፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ መልሳ ለበሰችው።

«እንግዲህ ጻፊ» አለቻት። «ሟቹ ትዕዛዙ ይባላል።»