ከየካቲት ይቆጠር

ሐኪሟ የጠረጴዛውን ካላንደር ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ገጾቹን ወደ ኋላ እስከ ጥቅምት መለሰቻቸው። «የወደቁት ጥቅምት አሥራ አራት ነው፤» አለችና በእስክሪብቶዋ ጫፍ ቀኑን ነካ አደረገችው። «ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር እንቁጠር።»

ሹፌሩ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተማሪዎች ሰርቪስ ሲነዳ ኖሯል። ጥቅምት ላይ የሚጥል በሽታ ድንገት መጥቶ ሲዘርረው፣ ደግነቱ አውቶቡሱ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ አንድም ልጅ አልተሳፈረም። ከዚያ በኋላ ሕጉን ነገሩት። መድኃኒቱን እየዋጠ ስድስት ወር ሳይወድቅ ከቆየ መሪ ይጨብጣል፤ ከወደቀ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። የጋራዡ ኃላፊም ቦታህን ከስድስት ወር በላይ አልጠብቅልህም ብሎታል። ዛሬ ሚያዝያ አሥራ አራት ነው።

«በመሃል ምንም አልነበረም?» ስትል ጠየቀች ሐኪሟ።

ሚስቱ ቀደመችው። ምንም፣ አንድም ቀን፣ አለች። መድኃኒቱን በእጇ እያቀበለች፣ ተኝቶም ትንፋሹን እያዳመጠች እንደ አራስ ልጅ ስትጠብቀው መክረሟን ኮራ ብላ ተናገረች። እሱ ዝም አለ። ዝምታውም እንደ አዎንታ ተቆጠረለት።

ሐኪሟ ገጾቹን መግለጥ ጀመረች። «ኅዳር አሥራ አራት፣ አንድ። ታኅሣሥ፣ ሁለት። ጥር፣ ሦስት።»

ሹፌሩ ዓይኑን ከወረቀቱ መንቀል አቃተው። ያየው ሰው የለም፤ ምስክር የለም። ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ከያዘው። ዛሬ ጠዋት ጫማውን ሲያስር እንኳ ልቡ ጸጥ ያለ መስሎት ነበር።

«የካቲት፣ አራት።» ገጹ ተገለጠ። «መጋቢት፣ አምስት። ሚያዝያ፣ ስድስት። ሞልቷል!» ሐኪሟ ፈገግ አለችና የመንዳት ብቃት ቅጹን አነሳች። ታች ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ አንደኛው «ይችላል»፣ ሌላኛው «አይችልም» ይላል። እስክሪብቶዋ የመጀመሪያው ላይ አረፈ።

አውቶቡሱ ውስጥ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ሁልጊዜ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽዬ ልጅ ነበረች። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ግንባሯን ወንበሩ ላይ ደገፍ አድርጋ የትምህርት ቤቱ በር እስኪደርሱ እንቅልፏን ትለጥጣለች። ፍሬን ሲይዝ እንኳ እሷን ላለመቀስቀስ ቀስ ብሎ ነበር የሚይዘው።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፤» አለ። «የካቲት ላይ ይመለሱልኝ።»

ከዚያ ሳያቋርጥ ተናገረው። ሚስቱ፣ እህቷ ወልዳ ልትጠይቃት ሄዳ ያደረች ዕለት ነው። ጠዋት ለሻይ ውሃ ጣደ። ሲነቃ ግን የማድቤቱ ወለል ላይ ነው፤ ምላሱን ነክሶታል፣ ውሃው ተንኖ አልቋል፣ ማንቆርቆሪያው ከስሏል። ደሙን ጠረገ፣ ሸሚዙን አጥቦ አሰጣ፣ ለማንም አልተነፈሰም። የካቲት ሃያ አንድ ነበር።

«ማንቆርቆሪያውን ያሳረርክ ዕለት?» አለች ሚስቱ። ያን ሰሞን እርጅና መጣብህ እያለች ስትስቅበት ነው የከረመችው፤ እሱም አብሯት ይስቅ ነበር። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሐኪሟ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «ባይነግሩኝ ፈርሜልዎት ነበር።»

«አውቃለሁ። ከኋላዬ የሚቀመጡት አርባ ሁለት ልጆች ናቸው።»

ሐኪሟ ስለ ሥራው ስትጠይቀው አልሸሸገም። ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ ኃላፊው ቃሉን አያጥፍም። እሱ ግን ጋራዡን መጀመሪያ የረገጠው ጎሚስታ ሆኖ ነው፤ ጎማ መፍታትና መግጠም ዛሬም አልጠፋውም። ቅጹን ራሱ ወስዶ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ያኖረዋል፤ በሰው አይልክም። ሐኪሟ የመድኃኒቱን መጠን ከፍ አድርጋ ጻፈችለትና «አይችልም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ካላንደሩን ልትስብ ስትል እጁን ዘረጋ።

«እኔ ልቁጠረው፤» አለ።

በጣቱ የሌላኛውን እጁን ጣቶች አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረ። መጋቢት፣ አንድ። ሚያዝያ፣ ሁለት። ግንቦት፣ ሦስት። ሰኔ፣ አራት። ሐምሌ፣ አምስት። አንድ እጅ አለቀ፤ ወደ ሁለተኛው አውራ ጣት ተሻገረ። «ነሐሴ፣ ስድስት። ነሐሴ ሃያ አንድ ይሞላል። ያኔ እመጣለሁ።»

ከክፍሉ ወጡ። ሚስቱ ደረጃው እኩሌታ ላይ ስትደርስ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ብቻህን ወድቀህ ብቻህን ተነሳህ፤» አለችው።

እሱ ቅጹን አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። «አራት ወር ከሰባት ቀን ነው የቀረኝ፤» አለ።

«የቀረን፤» አለች።

አሁንም እንደተቆጣች ነው። ግን እሱን ወደ ግድግዳው በኩል አሳልፋ፣ ራሷ መደገፊያ በሌለው በኩል ሆነችና ክንዱን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ደረጃውን አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ።