የገመገመው፦ ቢያድግልኝ

የመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራመሮች የጻፉት ኮድ በሚጠራቀምበት ማከማቻ በር ላይ የተተከለው ፕሮግራም ዘመድ አያውቅም፤ የገመገመው ሰው ስም ያልተጻፈበትን ሥራ ሁሉ ይመልሳል። አዲሷ ኃላፊ ግን መዝገቡን ስታገላብጥ ጥርጣሬ ገባት። ያለፉት አሥር ወራት ሥራ በሙሉ ያለፈው በአንድ ሰው ስም ነበር፤ በቢያድግልኝ። አንድም ቀን «ይህ ስህተት ነው» ብሎ የመለሰው የለም። «እከክልኝ ልከክልህ ነዋ!» አለች በሆዷ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ይዛ ፕሮግራመሮቹን ሰበሰበች።

«ቢያድግልኝ የታለ? እፊቴ ይቅረብ!»

ስንዱ የምትባለው ፕሮግራመር ተነስታ መለሰች።

«ፕሮግራሙ የሚያየው እኛ የጻፍነው ስም ከገምጋሚዎቹ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ብቻ ነው። የእሱን ደግሞ እስካሁን የሰረዘው የለም።»

«ለምን ይሰረዛል? የት ሄዶ ነው?»

«እሁድ ሙት ዓመቱ ነው። ይመጣሉ?»