ሦስቱ የሚያጠቡ እናቶች

ሙሉነህ ለሁለት ወር ስልጠና ነጌሌ ከርሞ ከተመለሰ አራተኛ ቀኑ ነው። አራቱንም ቀን ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ፣ ቤተሰብ ከተኛ በኋላ ነው የገባው። በዚያም ጠዋት ሚስቱ ሀረገወይን ከጓዳ ሆና ‹‹ሳሙና እንዳትረሳ፤ የሚታጠበው ጨርቅ በዝቶብኛል›› ስትለው ኮፍያውን እየደፋ ወጣ።

ሐሳቡ ኩሬው ላይ ነበር። ወደ ወደራ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው የዚያች ትንሽ ቀበሌ የሴፍቲኔት ኃላፊ እሱ ነው። ዝናብ ሳይጥል ኩሬው ተቆፍሮ ካላለቀ ግን ኃላፊነቱ እንደሚቀር በደብዳቤ ተነግሮታል። ኩሬው ደግሞ ገና ጉልበት አይደርስም። ስንዴና ዘይት ሲታደል ስልሳ ሰው ይሰለፋል፤ አካፋ ሲታደል ሃያ።

‹‹የማይሠራ ሰው ምክንያቱን ይናገር!›› አለ፣ በዚያ ሙቀት ኮፍያውን እንደ ልማዱ ጆሮው እስኪሸፈን ስቦ።

‹‹ወገቤን›› አለ ቡሌ።

‹‹ምን ነካህ?››

‹‹ምንም። አካፋ ሳይ ይነሣብኛል።››

ዳዳቻ ቀጠለ። ‹‹እኔ አጠባለሁ።››

ሰው ሁሉ ሳቀ።

‹‹ምን ያስገለፍጣችኋል? ላሜ ሞታ ጥጃዋን በጡጦ የማሳድገው እኔ አይደለሁ?››

ሙሉነህ መመሪያውን ገለጠ። ‹‹ነፍሰ ጡር፣ ዓመት ያልሞላው ልጅ የምታጠባ እናት፣ የታመመ፣ አቅመ ደካማ። ጥጃ አይልም።››

‹‹ጥጃ አይሆንምም አይልም።››

ለዳዳቻም አካፋ ተሰጠው።

ሙሉነህን ያንገበገበው ግን የሦስት ሴቶች ስም ነበር። ዲንኪቱ፣ ሲንቄና ኦብሴ እሱ ስልጠና ላይ እያለ ‹‹የሚያጠቡ እናቶች›› ተብለው ተመዝግበዋል። ቤታቸው ጎን ለጎን ነው፤ በጓሮ የሚለያቸው አንድ የእሾህ አጥር ብቻ ነው። ‹‹ሦስት ሴት ወልዳ አንድ ሰው እንኳ ገንፎ አልበላም?›› ብሎ ጸሐፊውን ቃለአብን ጠየቀው። ቃለአብ መሬት መሬት አየ።

ሙሉነህ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ዲንኪቱ ቤት ገባ።

‹‹አካም፣ አቶ ሙሉነህ! ናጋ?›› ሕፃን ታቅፋለች።

‹‹ናጋ። ማን አላችሁት?››

‹‹ቦናያ።››

‹‹ማንን ነው የመሰለው?››

‹‹አባቱን ነዋ!›› አለችና ሻሿን ነከሰች።

ሙሉነህ ጎንበስ ብሎ አየው። ግንባሩ ሜዳ ነው፤ ጆሮዎቹ ንፋስ እንደከፈታቸው መስኮቶች ወደ ውጭ ተገንጥለዋል። ‹‹አይ! ታዲያ አባትየው መልከ ጥፉ መሆን አለበት›› አለ። ዲንኪቱን ሳል ያዛት። ሳሉ እሱ በሩን እስኪወጣ አልለቀቃትም።

ሲንቄ ቤት ሲደርስ ሲንቄ ታለከልካለች፤ ጸጉሯ ላይ እሾህ ተሰክቷል። የታቀፈችው ልጅ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

‹‹ምን አስሮጠሽ?››

‹‹ማጥባት ያደክማል አቶ ሙሉነህ። ወንድ አያውቀውም።››

‹‹ይሄስ ማን ተባለ?››

‹‹ጉራቻ።››

ጉራቻ ማለት ጥቁር ነው፤ ልጁ ግን ቀይ ነው። ጆሮዎቹም ያው መስኮቶች ናቸው። ሙሉነህ ከቦርሳው ወይን ጠጁን የማኅተም ቀለም አወጣ፣ አውራ ጣቱን ነከረና ‹‹እደግ፣ ተመንደግ›› እያለ የልጁን ተረከዝ ያዝ አደረገው።

ኦብሴ ቤት ግን አልቸኮለም። መንገድ ላይ ቆሞ ጫማውን አሰረ፤ ፈታና እንደገና አሰረ። ሲገባ ኦብሴ በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ልጅ ታቅፋ እሹሩሩ ትላለች። ነጠላውን ገለጥ አደረገ። ተረከዙ ወይን ጠጅ ነው።

‹‹ያዝኩ!›› ብሎ ጮኸ። ሁለቱም ጎረቤቶች ተጠሩ። ‹‹የማን ነው?››

ቅድም ሁሉም ‹‹የኔ›› ያሉት ልጅ አሁን የማንም አልሆነም።

‹‹ከሥራ ነፃ የምትሆነው እናቱ ብቻ ናት። ሁለቱ ይቆፍራሉ፤ ካልቆፈሩ ስንዴው ይቀራል!››

‹‹እኔ ስድስት ልጅ ለማን ትቼ ልቆፍር?›› አለች ኦብሴ፣ አሁን ሳትስቅ። ‹‹የኔ ምክንያት መመሪያው ውስጥ የለም። የሕፃን ግን አለ። ምን ላድርግ?››

ሙሉነህ ተቆጣ። ልጁን ነጥቆ ወደ ኩሬው ገሠገሠ። ልጅ አያያዝ ስላልለመደ እንደ ጣሳ በሁለት እጁ ወደ ፊት ዘርግቶ ነው የያዘው። ልጁ አላለቀሰም፤ ትክ ብሎ ያየዋል።

ከአፈር ቁልሉ ላይ ወጥቶ ልጁን ከፍ አደረገው።

‹‹የዚህ ልጅ ባለቤት ማን ነው?››

አካፋዎች ቆሙ። ቡሌ ወገቡን ረስቶ ቀና አለ። ሁሉም ልጁን አየ፣ ሙሉነህን አየ፣ እርስ በርሱ ተያየ።

‹‹አቶ ሙሉነህ›› አለ ዳዳቻ በመጨረሻ፣ ‹‹ቀስ ብለው ይዩት እስቲ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል።››

‹‹ተረቱን ለጥጃህ! መንግሥትን ያታለለች እናት ብቻ አይደለችም። አባት አለ አይደል? ልጁ በየአጥሩ ሲዞር የት ነበር? እንዲህ ያለ አባት አካፋ ይዞ ዝናብ እስኪጥል ይቆፍራል! ቃለአብ፣ በቃለ ጉባኤ ያዘው!››

‹‹ልያዘው?›› አለ ቃለአብ።

‹‹ያዘው! ማኅተም ይመታበት!››

ቃለአብ ጻፈ። ማኅተሙ ተመታ።

ይኼኔ አንዲት ሴት ሰዉን እየገፈተረች መጥታ ቁልሉ ሥር ቆመች፤ ሀረገወይን ነበረች።

‹‹እሰይ ሙሌ፣ አንተ ነጌሌ ሳለህ የተወለደውን ልጅህን ገና ዛሬ አቀፍከው! በል አሁን አምጣው፣ ይጥባ።››