ለታላቅ እህት የተጠበሰ ክንፍ

«ከዚህ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሸት ካለች የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ» ይላል ጎሚስታው፣ የኤርፍራየሩን፣ የመጥበሻ ማሽኑን፣ መሳቢያ እንደ ዛገ የመኪና በር እየመነጨቀ። እጁ በቅባትና በበርበሬ ስለተጨማለቀ ስልኩን ድምፁን ለቆ ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎታል። ከወዲያ ያለው ታናሽ ወንድሙ ነው።

«ጋሼ፣ እሱን ተወውና እታለም መጣች ወይ?»

«መጣች ወይ ትለኛለህ? ቤቱ አልበቃ ብሏት ነው የገባችው።»

እታለም ታላቅ እህታቸው ናት። ዓምና ታማ የተኛች ጊዜ ጎሚስታው በገዛ እጁ ጠብሶ የወሰደላትን ዶሮ ሳትቀምስ ለዘበኛው ሰጠችው። መስጠቷስ ይሁን፤ ዘበኛው ለውሻው ጣለለት፣ ውሻውም አሽትቶ ትቶት ሄደ ብላ ለዘመድ አዝማድ አውርታለች። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ነገ ደግሞ ጓዟን ጠቅልላ ሩቅ አገር ልጇ ዘንድ ልትኖር ትሄዳለች። ታናሽየው የሁለቱንም እግር ስሞ ነው የዛሬውን ምሳ የለመነው።

«የዶሮ ክንፎቹን አንድ በአንድ በፎጣ አደረቅኳቸው» ይላል ጎሚስታው፤ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚያወራው። «እርጥብ ከገባ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጨው ነሰነስኩበት። በርበሬውንማ አትጠይቀኝ፣ የከባድ መኪና ጎማ ያቀልጣል። ማሽኑ ሲያጓራ ሰፈሩ አውሮፕላን ወረደ ብሎ ወጥቷል።»

«እሺ፣ እሷስ?»

«አንዱን ነከሰች። ኳ ሲል ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። ከዚያማ አጥንቱን ልትውጠው ምን ቀራት።»

ክንፎቹን ማቅረቢያ ሳህን ላይ ይገለብጣል። እንደ ጠጠር እየተንኳኩ ይወርዳሉ፤ ሳህኑ ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል።

«ዓይኗ እንባ ሞላ። ከበርበሬው ይሁን ከጸጸቱ እሷ ታውቃለች። ‹ወንድሜ፣ ያኔ አጥፍቻለሁ፣ ማረኝ› አለችኝ። የምን መቸኮል ነው? ሁለተኛ ሳህን ስትጠይቀኝ ነው አፌን የከፈትኩት። ‹ለዘበኛሽም ልቋጥርልሽ?› አልኳት።»

ታናሽየው ሳይወድ በግዱ ይስቃል። «አንተ እኮ ክፉ ነህ፣ ጋሼ። ግን ታረቃችሁ አይደል? ይህን ብቻ ንገረኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ስልኬን ይዤ ነው የዋልኩት።»

«ታረቅን እንጂ። ክንዷን ይዤ እስከ ታች በር ሸኘኋት።» ባዶውን መሳቢያ ማሽኑ ውስጥ በርግጫ በሚመስል ግፊት መልሶ ይወረውረዋል። «ይኸው፣ አሁን ገና መሄዷ ነው።»

ሚስቱ እስካሁን መስኮቱ ጋ ቆማ ታች መንገዱን ስታይ ነበር። ትመጣና ለምሳ የተደረደሩትን ሦስት ሳህኖች አንዱን በአንዱ ላይ ትደራርባለች። ሦስቱም ንጹሕ ናቸው። ወደ ስልኩ ጎንበስ ትላለች።

«ወንድምዓለም፣ አልገባችም።»

«ምን አልሽ፣ እትዬ?»

«መጥታ ነበር። አንኳኳች። ልከፍት ስነሣ ወንድምህ በሩን ተደግፎ ቆመ። ‹ትቁም፤ ሽታው ይድረሳትና ትቁም› አለኝ።» ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። «ክንፉ እስኪበስል ድረስ ቆማለች። ማሽኑ ደውሎ ጸጥ ሲል ነው ከዘራዋ ደረጃውን አንድ በአንድ እየነካ ሲወርድ የሰማነው።»