ነጎድጓድ በስድስት ቁልፍ

«እባክዎ ይቀመጡ» አለ ላፕቶፑ።

አርባ ሦስት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ እንደ አንድ ሽማግሌ ተከብረው፣ እንደቆሙ ቀሩ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ።

መምህርቷ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች። መሣሪያዋ የሳሙና ማስቀመጫ ብታክል ነው፤ ስድስት ቁልፍ፣ ጥጓ ላይ አንድ የድምፅ ማዞሪያ። ቁልፍ ሲጫን ላፕቶፑ የተጻፈለትን ጮክ ብሎ ያነባል። የጻፈችለት ልጇ ናት። ልጅት ጨዋ ናት፤ ማንም ቅር እንዳይለው ብላ ሁሉንም በአንቱታ ሞላችው። ትናንት ድመቷ «እባክዎ ይውረዱ» ተብላ ከጠረጴዛው ንቅንቅ አላለችም። ያኔ መንቃት ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቿ «ነጎድጓድ» ሲሏት ኖረዋል። ሦስት ክፍል ተሻግሮ ይሰማ የነበረውን ድምፅ የጉሮሮ ቀዶ ጥገና ይዞት ሄደ። ርዕሰ መምህሩ፣ እሷው ራሷ ክፍልፋይ ያስተማረችው ልጅ፣ «አንድ ክፍለ ጊዜ ይሞክሩት፤ ክፍሉ ከተረበሸ ግን ላይብረሪ ይሻልዎታል» ብሏታል። ላይብረሪ! ዝም ማለት ሥራ የሆነበት ቤት።

«ለመቀጠል አንድን ይጫኑ!» አለች ከኋላ ወንበር አንዷ ቀልደኛ። ክፍሉ ዴስክ እየደበደበ አውካካ።

ድሮ ቢሆን አንድ «አንቺ!» ይበቃት ነበር።

መምህርቷ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘች። ስድስቱ ቁልፎች ከነጽሑፋቸው ግድግዳው ላይ ወጡ። «እባክዎ ይቀመጡ»ን ፊደል በፊደል አጠፋችና፣ ልጆቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያነበቡላት ጻፈች፦ «ቁጭ በሉ!»

ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዞረችና ቁልፉን ተጫነች።

መስኮቱ ነዘረ። አርባ ሦስት መቀመጫ በአንድ ጊዜ ወንበር ላይ አረፈ።

እጇ ሞቀ። ቀጣዩ ቁልፍ፦ «አንተ!» ቀጥሎ፦ «አንቺ!» ቀጥሎ፦ «ውጪና ሥሪው!» «አመሰግናለሁ» የምትለዋን አልነካቻትም፤ አንድ ቀን ታስፈልግ ይሆናል።

ሰሌዳው ላይ ሁለት ክፍልፋዮች ጻፈች፣ በመሀላቸው የመደመር ምልክት። ከዚያ ወደ ኋላ ወንበር እያየች ሁለት ቁልፍ አከታትላ ተጫነች።

«አንቺ! ውጪና ሥሪው!»

«እኔ?» አለች ቀልደኛዋ፣ አጠገቧ ያለችውን እያየች።

«አንቺ!»

«እሺ ቲቸር፣ መጣሁ!» ጠመኔውን ስትቀበል በሹክሹክታ ጨመረች፤ «ቲቸር ይሙቱ፣ ከድሮውም ብሶብዎታል።»

መምህርቷ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምታ አታውቅም።

በሩ ገርበብ አለ። የርዕሰ መምህሩ ራስ ብቅ አለ።

«ይቅርታ፤ ጸጥ ሲል ጊዜ... ልጆቹ ወጥተው የሄዱ መስሎኝ ነው።»

ስድስተኛው ቁልፍ ላይ «እባክዎ ይግቡ» የሚል ነበር። ጣቷ እላዩ ላይ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ፊደሎቹ አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ። በቦታው ሌላ ነገር ተጻፈ፦ «ና ግባ። ከኋላ ቁጭ በል።»

ርዕሰ መምህሩ አነበበው። አንገቱን አከከ።

«እሺ፣ ቲቸር» አለ አፉ፣ ሳያማክረው።

ቀልደኛዋ በለቀቀችው ወንበር ላይ፣ ጉልበቱን ከዴስኩ ሥር እያጣጠፈ ተቀመጠ።

መምህርቷ ቁልፉን አልተጫነችም። ማዞሪያውን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ቀስ አድርጋ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ መለሰችው። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የጠመኔው ጭረት ብቻ ነበር።