አስቸኳይ ስብሰባ

ተመራማሪንና ፖሊሲ አውጪን ለማቀራረብ በየዓመቱ ዐውደ ጥናት ይዘጋጃል። የቢሮ ኃላፊው ይመጣሉ፣ የተጻፈላቸውን የመክፈቻ ንግግር ያነባሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራቸዋል። መቀራረቡ እዚያ ላይ ያበቃል።

የአፈር ተመራማሪዋ ከተራራው ሥር ያለውን ትምህርት ቤት ናዳ ሊውጠው እንደሚችል አጥንታለች። የዐውደ ጥናቱ አሠልጣኞች «አሳጥሪው፤ ባለሥልጣን ጊዜ የለውም» ብለው መከሯት። መቶውን ገጽ አንድ ገጽ አደረገችው። ያቺኑ አንድ ገጽ ያነበበችው ግን ለኃላፊው ባዶ ወንበር ነበር።

ዘንድሮ «ጥናት አላቀርብም፤ ይልቅ የመክፈቻ ንግግሩን በመጻፍ ልርዳችሁ» አለች። አዘጋጆቹ በትሕትናዋ ተደነቁ።

ኃላፊው እንደ ልማዳቸው ወረቀቱን ቀድመው ሳያዩት፣ በቀጥታ ስርጭት፣ ድምፃቸውን ሞቅ አድርገው አነበቡት። «…በመሆኑም ቢሮአችን ትምህርት ቤቱን ክረምት ሳይገባ ከተራራው ሥር ለማንሳት ወስኗል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የተጋበዙት ወላጆች እልል አሉ።

ኃላፊው ከመድረኩ ሲወርዱ ለካሜራው ፈገግ እንዳሉ ወደ እሷ ጠጋ ብለው «ማነው ይህን የወሰነው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ ክቡር ኃላፊ» አለች። «አሁን ይሂዱ፣ ስብሰባው እንዳይረፍድብዎ።»